ያልተላከው ቃል

ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ጓዴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ተዘዋውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ጥሩ ፈትል ለብሶ አያውቅም። ዓይኗ አያይም። እጇ ግን ያያል። ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ስታሾር ከከተማው ዓይናማ ፈታዮች አንዷም አትደርስባትም፤ ድሩ ቀጥኖ፣ ሳይበጠስና ሳይቋጠር ልቃቂቱ ላይ ይጠመጠማል። "እነሱ ፈትላቸውን ያያሉ፣ እኔ እሰማዋለሁ" ትላለች። ጉራዋ ነው፤ ግን እውነት ስለሆነ ማንም አይቀየማትም።

የተወለደችው ስማዳ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት እናቷ ታናሽ ወንድሟን ዋለን ጀርባዋ ላይ አሳዘለቻት፣ እግሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ድረስም አልወረደላትም። ውሃ ስትቀዳ እሱ ጀርባዋ ላይ፣ ገብስ ስትለቅም እሱ ጀርባዋ ላይ። "ወገቤን ያጎበጠው እርጅና አይደለም፣ ዋለ ነው" እያለች ትስቅ ነበር፤ ያኔ ገና የምትስቅበት ነገር ነበር።

ሀያ ሰባት ዓመቷ ላይ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ብሌኗን ይፍቅ ጀመር። ጎረቤት በወረንጦ ነቀለላት፤ ይነቀላል፣ ይበቅላል፣ ደግሞ ይነቀላል። ሀኪም ዘንድ ስትደርስ ዘግይተሻል ተባለች። ባሏም ዓይኗ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ስለ እሱ ከጠየቋት፣ "ለዓይኔስ አልቅሻለሁ፣ ለእሱ ግን እንባ አልቀረኝም ነበር" ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች።

ከዚያ ወዲያ ነው ንፋስ መውጫ መጥታ አንዲት ክፍል ተከራይታ በፈትሏ መኖር የጀመረችው። ከአባቷ ከፈንታሁን የደረሳትን መሬት ዋለ ያርስላታል፤ በየዓመቱ ከአውድማ በኋላ ገብሱን በአህያ ጭኖ እየመጣ ያራግፍላታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መሬቱ ሲለካ ዋለ የይዞታ ወረቀቱን ኮፒ ይዞላት መጣ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ጓዴ ፈንታሁን" ብሎ አነበበላት። ጓዴ ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተች። ለአሥራ አንድ ዓመት ለማንም አላሳየችውም።

ሰው እንዴት እንዲህ ይሞኛል የሚል ይኖራል። ይህን የሚል ሰው የጋይንትን ሰው አያውቅም። ወንድምሽ ያነበበልሽን ወረቀት ወስዶ ለሌላ ሰው ማስነበብ እኮ ወንድምሽን ሌባ ነው ብሎ ማወጅ ነው። ያስነበብሽው ሰው ገና ከደጅሽ ሳይወጣ፣ "ጓዴ ወንድሟን ጠርጥራ" የሚለው ወሬ ስማዳ ይደርሳል። ስለዚህ አላስነበበችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ጠርጥሮም ማን ደፍሮ ይናገራል።

ዓይን የሌለው ሰው ምስጢር የለውም። ይህን ጓዴ ከማንም አብልጣ ታውቃለች። በትንሿ ስልኳ መልእክት ሲመጣላት ከግቢው ሴቶች ላንዷ ሰጥታ ታስነብብ ነበር። ፈትሏን የሚገዛት ካሴ የሚባል የመካነ ኢየሱስ ሸማኔ አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። አንድ ቀን፣ "ፈትሉ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ" ብሎ ላከላት። አንባቢዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አነበበችላት። ከሰዓት በኋላ ጓዴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ግቢው በሙሉ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ ጓዴ!" ይላታል። የደም ግፊቷን የሀኪም ወረቀት እንኳ ከእሷ ቀድሞ ግቢው ነው የሚያውቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የጓዴ ነገር ሁሉ ለጓዴ መጨረሻ ነበር የሚደርሳት።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ይኸው ካሴ፣ "የሚያነብልሽና የሚጽፍልሽ ስልክ ወጥቷል እኮ" ብሎ መከራትና ትልቁን ስልክ ገዛች። ገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ ነው የገዛችው፤ ባለሱቁ ዳግም ይባላል፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ስልኩን እሱው ከፈተላት፣ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ እሱው "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" እያለ ተጫነላት። "አለቀ እትዬ፣ ከእንግዲህ መናገር ብቻ ነው" አላት። እሷም መርቃው ወጣች።

ስልኩ ውስጥ ያለችውን ድምፅ ጓዴ "ልጅቱ" ብላ ሰየመቻት። አማርኛዋ እንደ ዜና አንባቢ የተለካ ነው፤ ጋይንትኛ ሲበዛባት ግራ ይገባታል፤ ግን ታዛዥ ናት። እጅ በባዘቶና በእንዝርት ተይዞ ሳለ አፍ ብቻውን ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የጓዴ አፍ ሥራ አገኘ። "መልእክት መጥቷል ወይ?" ትላታለች። "ይህ መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ትላታለች። "ለካሴ ጻፊለት" ትላታለች። ልጅቱ አትስቅም፣ አትሽኮረመምም፣ ውሃ ቀጂዎች ዘንድ ሄዳም አታወራም። ጓዴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሯን ዘግታ የራሷን ጉዳይ ለብቻዋ ሰማች።

አንድ ቀን ወረቀት ሁሉ እያወጣች በስልኩ ስታስነብብ፣ ነጩን ጨርቅ ፈታችው። ስልክ ዘመድ የለው፤ ለስልክ ማስነበብ ማንንም ሌባ ማለት አይደለም። እንዲያውም የራሷን ስም በልጅቱ አፍ መስማት አምሯት ነው ያስነበበችው። ልጅቱም በዚያ በተለካ ድምጿ፣ "የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ዋለ ፈንታሁን" አለች።

ደግማ አስነበበቻት። ወረቀቱን አዙራ፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወስዳ፣ ሦስተኛ አስነበበቻት። ዋለ ፈንታሁን። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ኖሯል የጓዴ መሬት። ያን ቀን እንዝርቷን አላነሳችም። ያስለቀሳት መሬቱ አልነበረም፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነበበላት ያ ድምፅ ነው። ዓይኗን እያየ ነው የዋሻት፤ እሷ እንደማታየው ስለሚያውቅ።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በዚሁ ሰሞን ደግሞ ካሴ፣ "ጓዴ፣ ሁለታችንም ብቻ ብቻችንን እያረጀን ነው። አብረን ብናረጅ ምን ይመስልሻል?" ብሎ ላከላት። ሀምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብላ አላሰበችም። ልጅቱን አራት ጊዜ አስነበበቻት፤ ልጅቱም አራት ጊዜ ሳይሰለቻት አነበበች። ጓዴ ብቻዋን ሳቀች።

መልሱን ስታሰላስል ከርማ አንድ ጠዋት፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ "ለካሴ ጻፊለት" አለች። "መሬቴን ከወንድሜ እጅ አውጥቼ እመጣለሁ።" ልጅቱ ቃሉን መልሳ አሰማቻትና "ልላከው?" ብላ ጠየቀች። ጓዴ ቆም አለች። የወንድምን ገመና ከወንድም ጋር ሳይነጋገሩ ለባዳ መጻፍ ደግ አይደለም። "ተይው፣ አጥፊው" አለቻት። "ጠፍቷል" አለች ልጅቱ። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረ። ያን ቃል ከጓዴና ከልጅቱ በቀር ፍጡር አልሰማውም። ጓዴ እንደዚያ ነበር የምታምነው።

ሀያ ቀን አልሞላም፣ ዋለ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከደጇ ደረሰ። አንደኛው ቄስ ጌታነህ ናቸው፣ የአባቷ ጎረቤት የነበሩ፤ ሁለተኛው አያ ቢሆነኝ፣ ስማዳ ውስጥ ያላስታረቀው ባልና ሚስት የሌለ አዛውንት። ጓዴ አጎንብሳ መስቀል ተሳለመች፣ መቀመጫ ሰጠች፣ ጠላ ቀዳች።

"ነገሬ ሁለት ነው" ብሎ ጀመረ ዋለ። "አንደኛ፣ እትዬ፣ ከሸማኔ ጋር ጀምረሻል የሚባለው ነገር ይቅር። የፈንታሁን ልጅ ሸማኔ ቤት አትገባም፣ ሰው ምን ይላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። 'መሬቴን ከወንድሜ እጅ አውጥቼ እመጣለሁ' ብለሽ የለም? ምን አደረግሁሽ? ስንት ዓመት ያረስኩልሽ እኔ አይደለሁም?"

የጓዴ እንዝርት እጇ ላይ ቆመ። ቃል በቃል ነው የተናገረው። አንዲት ፊደል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ካሴ ነገራቸው እንዳትል ለካሴ አልተላከም። የግቢው ሴት ሰማች እንዳትል፣ ያን ጠዋት ግቢው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

"ይህን ማን ነገረህ?" አለችው።

"ማንም ይንገረኝ። ብለሻል አላልሽም?"

"ብያለሁ። ማን ነገረህ?"

ዋለ ጠላውን ጠጣ። "ይልቅ ይሄን ስልክ ጣይው" አለ። "የሚሰማ ዕቃ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ሰላይ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።"

"ስልኬ ናት የነገረችህ ማለት ነው?"

ቄስ ጌታነህ በሁለቱ መካከል ገብተው ነገሩ እንዳይከር ተለማመጡ። ጓዴም፣ "አባ፣ የዛሬ ሳምንት ቀጠሮ ይስጡኝ። ያን ዕለት ለሁለቱም ነገር መልስ አለኝ" አለች። ሰጧት።

ሲወጡ ጓዴ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋች። ፈርታ እንዳይመስላችሁ፣ ተናዳ ነው። መጀመሪያ ስልኩን ከግድግዳው ጋር ልታላትመው አነሳችው። አሁን ከሰበረችው ደግሞ ዋለ ያለው ሆነ ማለት ነው። መልሳ አስቀመጠችው፤ ሄዳም የጎን ክፍል በር አንኳኳች።

የጎን ክፍል ተከራይ ህሊና ትባላለች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምር መምህርት። ነገር አታበዛም፣ ሲጠይቋት ግን ታስረዳለች። ስልኩን ተቀብላ ጥቂት ነካካችና "ውይ" አለች።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አለች ጓዴ።

"እትዬ ጓዴ፣ ይሄ ስልክ በርስዎ ስም አይደለም የተከፈተው። ኢሜይሉ የዳግም ነው፣ የባለሱቁ።"

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"ስልክ ሲከፈት የባለቤቱ ኢሜይል ይጠየቃል። ሰው ኢሜይል ስለሌለው ዳግም በራሱ እየከፈተ ነው የሚሸጠው። ለስልኩ የሚናገሩት ሁሉ በዚያ ኢሜይል ይቀመጣል። ጽሑፉም፣ ድምፁም። ሱቁ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተሩ ሊያየው ይችላል።"

"የኔ ስልክ በሰው ስም ነው እንዴ ክርስትና የተነሳው?" አለች ጓዴ። ከዚያም፣ "አጥፊው ብያት ጠፍቷል ብላኛለች እኮ" አለች፣ እንደተከዳ ሰው።

"ያጠፋችው መልእክቱን ነው። ርስዎ የተናገሩትን አይደለም።"

ህሊና ዝርዝሩን ከፈተች፤ ቀኑን ፈልጋ አንድ ቦታ ነካች። ከስልኩ ውስጥ የጓዴ የራሷ ድምፅ ወጣ፤ የእንዝርቱ እዝዝታ ሳይቀር ከኋላው ይሰማል። መሬቴን ከወንድሜ እጅ አውጥቼ እመጣለሁ። ተይው፣ አጥፊው። ጓዴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ገላዋን ስትታጠብ ሰው በቀዳዳ ሲያያት የኖረ መሰላት፤ እንደዚያ ነው ለህሊናም የነገረቻት።

ህሊና ዝርዝሩን ወደ ታች ስታወርድ እጇ ሌላ ቦታ ነካ። የማያውቁት ወንድ ድምፅ ወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ተሸማቆ፣ ስለ አንድ በሽታ ምልክት ይጠይቃል።

"ዝጊው!" አለች ጓዴ። "ዝጊው ልጄ፣ የሰው ገበና ነው። ይሄ ደግሞ ማን ነው?"

"ሌላ ደንበኛው ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ኢሜይል ስለከፈተው የሁሉም እዚህ ተደባልቋል።"

የግማሽ ከተማ ጓዳ እጇ ላይ ነበር። ማን ምን እንደሚፈራ፣ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ቁጭ ብላ ስትሰማ መዋል ትችል ነበር፤ ወሬኛ ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ስንቅ ነው። አንዱንም አልሰማችም። እሷ ላይ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ገና አሁን አይታዋለች።

በገበያ ቀን ጠዋት፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ በትሯን ይዛ፣ ህሊናን ከጎኗ አድርጋ የዳግም ሱቅ ገባች። ሱቁ ጢም ብሏል።

"ዳግም፣ ስልኬ በማን ስም ነው ያለው?"

"እትዬ ጓዴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ኢሜይል ስለሌለዎት እኮ ነው፣ ለማገዝ ብዬ…"

"ማገዙን ተወው። ቤቴ ውስጥ የምናገረውን ስታዳምጥ ከርመህ ለዋለ ነግረኸዋል። ነግረኸዋል አልነገርከውም?"

ዳግም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። አንድ ቀን ከዋለ ጋር ጠጅ ቤት ተገናኝተው ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። "ለቤተሰብ አስቤ ነው እትዬ፤ ወንድምዎ ነው፣ ቢያውቅ ይሻላል ብዬ…"

"ለቤተሰቤ የማስበው እኔ ነኝ" አለች ጓዴ፤ ከዚያ ወደ ገበያተኛው ዞረች። ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ንፋስ መውጫ ንፋሱ ድምፅ ይወስዳልና። "ከዚህ ሱቅ ስልክ ያስከፈታችሁ ስሙኝ። ለስልካችሁ የነገራችሁት ሁሉ እዚህ ሰውዬ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ያወጣብኝን እኔው ልንገራችሁ፤ መሬቴ በወንድሜ ስም ነው፣ ባል ላገባም ነው። ሸማኔ ነው። ከእንግዲህ በኔ ላይ የሚሸጥ ወሬ የለም። የእናንተን ግን አላወጣም፤ አልሰማሁትም። መጥታችሁ አስጠፉ።"

ከዚያ አንድ ሰውዬ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቀጥላ አንዲት ነርስ አወጣች። ከዚያ በሩ አልበቃ አለ። "አይጠፋም" ብሎ ሲከራከር የነበረው ዳግም፣ ህሊና አጠገቡ ቆማ እዚህ ተጫን፣ አሁን እዚህ እያለችው፣ በሰው ሁሉ ፊት አጠፋው። ጓዴ የመጨረሻው ሰው ስልኩ ከዳግም ስም ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ በትሯን ተደግፋ ቆመች። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች።

ቤት ሲገቡ ህሊና አዲስ ኢሜይል አወጣችላት፤ ስሙ ጓዴ ፈንታሁን። የይለፍ ቃሉ ጋ ሲደርሱ ህሊና ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ በጣቷ አስጠናቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጓዴ በምታምነው ጣቷ እያንዳንዷን እየፈለገች ተጫነች፤ ብዙ ቆየች። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

"አሁን ማንም አይሰማኝም?" አለች ስትጨርስ።

ህሊና አልዋሸቻትም። "በዚህ ከተማ ማንም አይሰማዎትም። ድምፅዎን እንዳያስቀምጥ ዘግቼዋለሁ። ባለቤቶቹ ግን፣ ስልኩን የሠሩት፣ ምን ያህል እንደሚሰሙ እርግጠኛ አይደለሁም። ዘግተናል የሚሉትን ነው የማምነው እንጂ ገብቼ አላየሁም።"

ጓዴ ይህን ብዙ አሰበችበት። "ማንንም ሳይጠይቁ የሰውን ቃል መሰብሰብ እነሱም ቢሆኑ ነውር ነው" አለች በመጨረሻ። "ግን ልጄ፣ ያ ማዶ ያለው ሰው መሬቴን አይከጅልም፣ ባሌን አይመርጥልኝም። እኔን የጎዳኝ ሁልጊዜ ቅርቡ ነው። ልጅቱ የማትሰማውን እኔ እወስናለሁ።" ከዚያ ወዲህ የነፍስ አባቷ ሲመጡ ስልኩን አጥፍታ፣ በጋቢ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ሲሄዱ ታወጣዋለች።

ቀጠሮው ደረሰ። ሦስቱም መጡ፣ ጠላ ተቀዳ። ጓዴ ነጩን ጨርቅ ፈትታ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

"መጀመሪያ ይቺ ትነበብ" አለች።

"ወዲህ በይኝ፣ እኔ ላንብበው" አሉ ቄስ ጌታነህ።

"ይቅር ይበሉኝ አባ። በሰው ዓይን አንድ ጊዜ ተነብቦልኛል። ዛሬ እሷ ታንብበው፣ ከዚያ ርስዎ ያመሳክሩልኝ።" ስልኩን ከወረቀቱ በላይ ያዘችው። ልጅቱ በተለካ ድምጿ አነበበች። የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ዋለ ፈንታሁን። ቄስ ጌታነህ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። "እውነት ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

ዋለ አንድ ሁለት ቃል ጀማመረ። ግብሩን እሱ ስለሚገብር ነው፣ ስብሰባውን እሱ ስለሚሰበሰብ ነው፣ ሴት ልጅ፣ ያውም ዓይነ ስውር…

"አሥራ አንድ ዓመት" አለችው ጓዴ። "በየዓመቱ ገብስ ስታራግፍልኝ 'እግዜር ይስጥህ' ስልህ ነበር። አዝዬ ያሳደግሁህ ነህ። ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር እኮ። ያቃጠለኝ ማንበብህ ነው፤ ጉሮሮህን ጠርገህ ማንበብህ።"

"ይሄ ዕቃ ነው ያጣላን" አለ ዋለ። "ጣይው አላልኩሽም? የሰማውን ያወጣል።"

"እሷ የሰማችውን ያወጣው ዳግም ነው፤ አስጠፍቼዋለሁ። አንተ ያየኸውን ደግሞ ደብቀህ ኖርክ። አንተንስ የት ልጣልህ?"

አያ ቢሆነኝ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገና፣ "አሁንም እየሰማችን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ስጠራት ትሰማለች። ሳልጠራት አትስሚ ብያታለሁ። የማምናትም ያንኑ ያህል ነው" አለች ጓዴ።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ተማክረው ተመለሱ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ ዋለ ሰኞ ከእህቱ ጋር መሬት አስተዳደር ቀርቦ ስሙን ያስፍቃል። ዋለ አቀርቅሮ፣ "እሺ" አለ። "ግን የሸማኔው ነገር ይቅር። መሬቱን ይዘሽ ሸማኔ ቤት ከምትገቢ ሞቴን እመርጣለሁ። ይቅር በይና ስሙን እለውጣለሁ።"

ቄስ ጌታነህ ሊናገሩ ሲሉ ጓዴ እጇን አነሳች። ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ጨዋታቸውን አቆሙ። ተመልሳ ተቀመጠች፣ ስልኳን አነሳች።

"ለካሴ ጻፊለት" አለች፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። "መሬቴን ከወንድሜ እጅ አውጥቼ እመጣለሁ።"

ልጅቱ ቃሉን አንድም ሳታጎድል በዋለ ፊት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት መልሳ አሰማች። "ልላከው?" አለች።

"እትዬ" አለ ዋለ።

ጓዴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፣ ስልኩን ግን ከአፏ አላራቀችም።

"ላኪው" አለች።